ፈንክሽናል ቋንቋና ኮምፓይለሩ፦ ጠይቁኝ

ስለ ፈንክሽናል ቋንቋዎች (ፕሮግራምን በፈንክሽኖች የሚገነቡ) ኮምፓይለር፣ ማለትም ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ ስለሚተረጉመው ፕሮግራም፣ ማፍጠኛ ዘዴዎች ከጠየቃችሁኝ መካከል የደጋገማችኋቸውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሉፕ የለም፣ ሁሉም ሪከርሽን (ፈንክሽን ራሱን መጥራት) ነው። ስታኩ (ያላለቁ ጥሪዎች የሚቀመጡበት ሜሞሪ) እንዴት አይሞላም?

መልስ፦ የፈንክሽኑ የመጨረሻ ሥራ ሌላ ፈንክሽን መጥራት ብቻ ከሆነ አይሞላም። ተመልሶ የሚሠራው ስለሌለ ኮምፓይለሩ የስታክ ቦታውን ለቆ ጥሪውን ወደ ዝላይ ይቀይረዋል። ያው ሉፕ ሆነ ማለት ነው። ስኪም በሚባለው ቋንቋ ይህ ግዴታ ነው። ክሎጀር የሚባለው ቋንቋ ግን የሚሮጠው በጃቫ ማሽን ላይ ስለሆነ "ሪከር" ብላችሁ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

ጥያቄ፦ የእኔ ድምር ትልቅ ሊስት ላይ ወደቀ። ጥሪው መጨረሻ ላይ ነው እኮ!

መልስ፦ ኮድህ "የመጀመሪያው ቁጥር ሲደመር የቀሪው ድምር" ይላል። ዓይን ያታልላል። መጨረሻ የሚሠራው መደመሩ ነው እንጂ ጥሪው አይደለም። እያንዳንዱ ጥሪ "ቆይ፣ የምደምረው አለኝ" እያለ ስታክ ላይ ይጎለታል። እስካሁን የተደመረውን እንደ ተጨማሪ ግቤት አሳልፈው።

ጥያቄ፦ እሱንም በሃስኬል ቋንቋ አድርጌው ነበር። ሜሞሪዬን ጨረሰው።

መልስ፦ ሃስኬል ሥራ በይደር ማቆየት ይወዳል። 0 ሲደመር 1 ሲባል 1 አይልህም፤ "ሲፈለግ እደምራለሁ" ብሎ ወረቀት ያስቀምጣል። በሚሊዮን ቁጥር ሚሊዮን ወረቀት ይከመራል። ኮምፓይለሩ "ይህ ዋጋ የግድ ይፈለጋል ወይ?" ብሎ ይመረምራል፤ አዎ ከሆነ እዚያው ያሰላዋል። በጂኤችሲ (በሃስኬል ኮምፓይለር) ግን ይህ የሚሠራው የማፍጠኛውን ትእዛዝ፣ "ሰረዝ ኦ"ን (-O)፣ ስትሰጠው ነው። ረስተኸው እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ማፕ (በሊስቱ እያንዳንዱ አባል ላይ አንድ ሥራ የሚሠራ ፈንክሽን) በማፕ ላይ ስደራርብ መሃል ላይ ትርፍ ሊስት አይፈጠርም?

መልስ፦ ይፈጠራል፣ ካልተዋሃደ። አንዱ ማፕ በ2 ቢያባዛ፣ ሌላው 1 ቢደምር፣ ጥሩ ኮምፓይለር ሁለቱን አንድ ዙር ያደርጋቸዋል። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ፊሊፕ ዋድለር እ.ኤ.አ. በ1988 ለዚህ መሰል ዘዴ "የደን ምንጣሮ" የሚል ስም ሰጠው፤ የሚመነጠሩት መሃል ላይ የሚበቅሉት ዛፎች፣ ማለትም ጊዜያዊ ሊስቶች ናቸው። መሃለኛውን ሊስት ሌላ ቦታም ከተጠቀማችሁበት ግን ምንጣሮው ብዙውን ጊዜ ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከማፍጠኛ ዘዴዎቹ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትባል?

መልስ፦ ኢንላይን። ፈንክሽኑ በተጠራበት ቦታ ሲገለበጥ ሌሎቹ ዘዴዎች የሚሠሩበትን ያያሉ። ሲበዛ ኮዱ ያብጣል።

ጥያቄ፦ በፈንክሽናል ቋንቋ ዳታ አይቀየርም ከተባለ ለውጥ ባስፈለገ ቁጥር ሁልጊዜ መቅዳት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ኮካ የሚባለው ቋንቋ አንዱን ዳታ ስንት ቦታ እንደያዘው ይቆጥራል። ያዡ አንድ ብቻ ከሆነ አሮጌውን ቦታ ለአዲሱ ይጠቀምበታል። ኮዱ ንጹሕ ነው፣ ከሥር ግን እዚያው ላይ ይጽፋል። እኔ በጣም የወደድኩት እሱን ነው።