ፈንጂን በጠረኑ ስለሚለዩ ጥቃቅን ሴንሰሮች ጠይቁኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ፈንጂ ይሸታል እንዴ?

መልስ፦ ይሸታል፤ ግን እንደየዓይነቱ ነው። ቡና ሲቆላ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ቲኤንቲ የተባለው ፈንጂ ግን በክፍል ሙቀት አየር ውስጥ የሚኖረው ትነት ከቢሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ ነው። አርዲኤክስ የተባለው ሌላው ፈንጂ ደግሞ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ። ትንሽ ሴንሰር መሥራት ይቻላል። ጭንቁ ያቺን ጠረን ሴንሰሩ ጋ ማድረስ ነው።

ጥያቄ፦ እንዴት ነው የሚሠራው?

መልስ፦ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ የምወደውን ልንገራችሁ። በአሜሪካ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲው ቲሞቲ ስዌገርና ባልደረባው በ1998 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሥራ ነው። ከዚያ ሥራ በወጣው መሣሪያ፣ የቀጭን መስታወት ቱቦ ውስጡ በሚያበራ ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ እንደ ረጅም ሰንሰለት የተያያዙ ነገር) ይቀባል። አየር በቱቦው ይሳባል። አንዲት የቲኤንቲ ሞለኪውል ፖሊመሩ ላይ ስታርፍ፣ ያረፈችበት ነጥብ ብቻ ሳይሆን የሰንሰለቱ ረጅም ክፍል ይደበዝዛል። ለዚህ ነው ያቺ ኢምንት ጠረን የምትታየው። ፊዶ የተባለው በእጅ የሚያዝ መሣሪያ የወጣው ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከዚህ የሚያንስስ አለ?

መልስ፦ ማይክሮካንቲሊቨር። ስፋቱ ከፀጉር ውፍረት የማይበልጥ የሲሊኮን ምላስ ነው። ሞለኪውል ሲያርፍበት ይጎብጣል። እርጥበትም ግን ያጎብጠዋል።

ጥያቄ፦ በስልኬ መፈተሽ እችላለሁ?

መልስ፦ አይሞከርም። የተጠረጠረ ነገር ካያችሁ አትንኩ፣ ራቁ፣ ለፖሊስ ንገሩ።

ጥያቄ፦ የተቀበረውስ?

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቲኤንቲ ካለው የተቀበረ ፈንጂ ወደ ላይ የሚወጣው ጠረን በአብዛኛው የዲኤንቲ ነው። ዲኤንቲ ቲኤንቲ ሲመረት አብሮ የሚቀር፣ ከሱ ይልቅ ቶሎ የሚተን ነገር ነው። ደረቅ አፈር ትነቱን አጥብቆ ይይዛል፤ ሲረጥብ ይለቀዋል። በበጋ ዝም ያለ መሣሪያ፣ ካካፋ በኋላ እዚያው ቦታ ሊጮህ ይችላል። ስለዚህ ሴንሰሩ ዝም አለ ማለት ፈንጂ የለም ማለት አይደለም።

አንድ የቡድኑ አባል፦ ታዲያ አይጥ አይሻልም? አፖፖ የተባለው ድርጅት ታንዛኒያ ውስጥ ያሠለጠነው ማጋዋ የተባለ አይጥ ካምቦዲያ ውስጥ ከ70 በላይ ፈንጂ አግኝቷል።

ሌላ አባል፦ አይጥ ፀሐይ ሲከርር አይሠራም። ማሽን አይደክመውም።

የመጀመሪያው፦ የማሽኑ ባትሪ ሲያልቅስ? አይጥ እኮ ሙዝ ይበቃዋል!

መልስ፦ እባካችሁ ወደ ጥያቄው እንመለስ። አይጡም ማሽኑም ይጠቁማል እንጂ አያነሳም። ቦታውን ባለሙያ ነው የሚያረጋግጠው።

ጥያቄ፦ ስለ ሴንሰር በደንብ ያብራሩልን።

መልስ፦ የቱን ወንድሜ? ከላይ አንብብና ለይተህ ጠይቀኝ።

ጥያቄ፦ ሴንሰሩ ዝም ካለ መሬቱን ማረስ ይቻላል ማለት ነው?

መልስ፦ አይቻልም! አሁን እኮ ተናገርኩ። አፈሩ ደረቅ ስለሆነም ዝም ሊል ይችላል። ፈንጂ አምካኞቹ አጽድተው እስኪያስረክቡ ድረስ በሬ አይግባበት፤ ልጅም አይግባበት።