የተሳቢዋ በር ለምን ይቆነጥጣል?

የአንባቢያን የኤሌክትሪክ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለገጣፎ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብዬ ቁርስና ቡና እሸጣለሁ። ቤቴ ጎማ ያላት አሜሪካ ሠራሽ ተሳቢ ናት፤ አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ሲነሣ በጨረታ ገዛኋት። ፍሪጅና ማይክሮዌቭ አብረዋት መጥተዋል፤ ሁለቱም በ110 የሚሠሩ ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ከአከራዬ ቤት 60 ሜትር ገመድ ስቦ ለእነሱ ትራንስፎርመር አስገባልኝ። ምድጃው፣ የጁስ መፍጫውና እዚህ የገዛሁት የለስላሳ ፍሪጅ ግን በቀጥታ በ220 ነው የሚሠሩት። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ማይክሮዌቩ ተቃጠለ። አሜሪካ ያለው ወንድሜ «እዚህ ተሳቢ ቤት ያለው ሁሉ የሚገዛው መከላከያ አለ፤ ባለ 30 አምፔሩን ሰው ሲመጣ ልላክልሽ» ይለኛል። መርካቶ የጠየቅሁት ባለ ሱቅ «ሰርጅ ያለው ማካፈያ ይበቃሻል» አለኝ። አከራዬ ደግሞ ቮልት የሚያስተካክል ስታብላይዘር ግዢ ይላሉ። የቱን ልስማ? በነገራችን ላይ፣ ዝናብ ባደረ ጠዋት የተሳቢዋ በር እጄን ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ ግን ለምጄዋለሁ።
የተሳቢዋ ባለቤት፣ ከለገጣፎ

መልስ፦ እህቴ፣ ሦስት ሰው የመከረሽን ሦስት ዕቃ በዝርዝር ጻፍሽና ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ «ለምጄዋለሁ» ብለሽ ጣል አደረግሽው። እኔ ከመጨረሻው ልጀምር። ይህ እስኪስተካከል ድረስ ያንን ገመድ ከአከራይሽ ሶኬት ነቅለሽ አቆዪው። ደንበኞችሽም በዚያው በር ነው የሚገቡት፤ እነሱ ደግሞ አልለመዱትም።

የቤት ግድግዳ መሬት ላይ ተተክሏል። ተሳቢ ግን በጎማ ላይ የቆመ የብረት ሣጥን ነው። ምድጃው ውስጥ ያለው ማሞቂያ እርጥበት ሲያገኘው ትንሽ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ያሾልካል። ያ የሾለከው በመሬት ሽቦ፣ እኛ ሠራተኞች ኧርዝ በምንለው፣ ካልወረደ ሣጥኑ ላይ ተቀምጦ መውረጃ ይጠብቃል። ጠዋት እርጥብ መሬት ላይ ቆመሽ የበሩን እጀታ ስትይዢ መውረጃው አንቺ ትሆኛለሽ። በደረቅ ቀን የማይሰማሽ ጫማሽና አፈሩ ስለሚከላከሉልሽ ነው እንጂ ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ አይደለም።

ገመድሽን ሳላየው እጠረጥረዋለሁ፤ ባለ ሁለት ሽቦ ይመስለኛል። ከዚህም የሚብስ ሥራ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። የመሬት ሽቦ መሳብ የሰለቸው ሠራተኛ ኒውትራሉን፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን ሽቦ፣ ከተሳቢው ብረት ጋር ያገናኘዋል፤ ቴስተር ሲያስነካው አይበራም፣ «ይኸው፣ ኧርዝ አለሽ» ብሎ ሒሳቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኛ አገር የምንጠቀምበት ክብ ባለ ሁለት እግር ስፒና ደግሞ ወዲህም ወዲያም ይገባል። አንድ ቀን አንድ ልጅ ነቅሎ ገልብጦ ሲሰካው ኒውትራል የነበረው ሽቦ ፌዝ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው፣ ይሆናል፤ ያን ጊዜ በሩ መቆንጠጡን ትቶ ሙሉ 220 ይይዛል።

ስለዚህ ከማንኛውም መከላከያ በፊት የሚገዙት እነዚህ ናቸው። አንደኛ፣ ባለ ሦስት ሽቦ ገመድ። ሁለተኛ፣ ተሳቢዋ አጠገብ የሚቀበር፣ መዳብ የተለበጠ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ያላነሰ የመሬት ዘንግ፤ ከእሱ የሚነሣው ሽቦ ቀለም ተፍቆ በተሳቢዋ ሻንሲ ላይ በቡሎን ይታሰር። እኔ የምኖረው ገላን ነው፤ አፈሩ መረሬ ስለሆነ በክረምት ዘንጉን እንደ ቅቤ ይቀበለዋል፣ በበጋ ግን ተሰንጥቆ ይለቀዋል። በበጋ ዘንጌ ሥር አንድ ባልዲ ውኃ አፈሳለሁ። ጨው አብረው የሚጨምሩ አሉ፤ ጨው ለጊዜው ይረዳል፣ ዘንጉን ግን ይበላዋል። ሦስተኛው በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር ነው፤ ላዩ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ ስላለው ታውቂዋለሽ። ይህ ብሬከር በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን እያነጻጸረ በመካከል የጎደለ ካገኘ ወዲያው ይዘጋል። በወር አንድ ጊዜ ቁልፏን ተጫኚያት፤ ካልዘጋ ተበላሽቷልና ለውጪው።

አሁን ወደ ወንድምሽ እንምጣ። ወንድምሽ ያለው ለአሜሪካ ትክክል ነው። እዚያ ተሳቢ ቤት የሚያቆሙበት ግቢ ምሰሶ ላይ 120 ቮልት ይጠብቃቸዋል፤ ትንንሾቹ ተሳቢዎች በ30 አምፔር፣ ትልልቆቹ በ50 ይሰካሉ። ጥሩው መከላከያ ከምሰሶውና ከተሳቢው መካከል ገብቶ ቮልቱን ይለካል፤ ከ104 በታች ሲወርድ ወይም ከ132 በላይ ሲወጣ ይቆርጣል፣ የመሬት ሽቦ ከጎደለም አልከፍትም ይላል። ብልህ ዕቃ ነው።

እዚህ ሲመጣ ግን የት ታስገቢዋለሽ? ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ 220ው ላይ ካስገባሽው ውስጡ ያሉት መከላከያዎች ለ120 የተሠሩ ስለሆኑ እዚያው ይፈነዳሉ። ከትራንስፎርመሩ በኋላ ካስገባሽው ደግሞ ማታ ማታ ጣጣ ያመጣብሻል። ሠፈርተኛው ምጣድ ጥዶ መስመሩ 200 ሲሆን ትራንስፎርመሩ የሚሰጥሽ 100 ነው፤ 100 ደግሞ ከ104 ያንሳል፣ ስለዚህ ቮልቱ እስኪመለስ ድረስ ዕቃው ዘግቶ ይቆያል። አንዳንዶቹ ከቮልቱ በተጨማሪ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ ይለካሉ፤ የአሜሪካ 60 ነው፣ የእኛ 50፣ ትራንስፎርመር ደግሞ ይህንን አይለውጥም። ከሁሉም በላይ ምድጃሽና የለስላሳ ፍሪጅሽ ከትራንስፎርመሩ ውጪ ስለሆኑ ምንም አይከላከልላቸውም። ወንድምሽን አመስግኚና በዚያው ሰው ሌላ ነገር ላክልኝ በይው።

ስለ ማካፈያው ብዙ አልልም። ጥቂት የማይባሉ ፈትቻለሁ። በደህናው ውስጥ የአሥር ሳንቲም የምታህል ሰማያዊ ክብ ነገር ትገኛለች፤ ሥራዋ ድንገት የሚመጣውን፣ ሰርጅ የሚባለውንና የሰከንድ ሺህኛ እንኳ የማይሞላውን ግፊት ውጣ ወደ ጎን መጣል ነው። በዋጠች ቁጥር ትደክማለች፤ ካርቶኑ ላይ ጁል ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የመዋጥ አቅሟን ነው የሚናገረው። በመናኛው ውስጥ ቀይ መብራት ብቻ ነው ያለው፤ ቀይ መብራት ደግሞ ምንም አይውጥም።

አንቺን የጎዳሽ ግን ይህ ግፊት ብቻ አይመስለኝም። የራሴን ልንገርሽ፣ የማፍርበት ቢሆንም። ወርክሾፔ ውስጥ ባለ ሦስት ፌዝ መስመር አለኝ፤ ማከፋፈያውን፣ የብሬከሮቹን ሣጥን፣ የሠራሁት እኔው ነኝ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የቢሮዬ አምፖል አይቼው በማላውቀው ንጣት ቦግ አለ፤ በዚያው ቅጽበት የመጋዘኑ አምፖል እንደ ኩራዝ ደበዘዘ። ተነሥቼ ዋናውን እስክዘጋ ድረስ የስልክ ቻርጀር ጧ ብሎ ፈነዳ፣ ከፍሪጁ ጀርባም ጭስ ወጣ። ማከፋፈያውን ስከፍተው የኒውትራሉ ብሎን በጣቴ ብቻ ዞረ። የአሉሚኒየሙ ጫፍ ጠቁሮ ነጭ ዱቄት ለብሷል። አሉሚኒየም በብሎን ሲያዝ እየዋለ እያደረ እንደሚላላ ለስንቱ ተለማማጅ አስተምሬያለሁ መሰለሽ! የራሴን ግን ከሠራሁበት ቀን ጀምሮ ተመልሼ አላጠበቅሁትም።

ኒውትራል ሲላቀቅ በፌዞቹ መካከል ያለው 380 ቮልት እንደየቤቱ ጭነት ይከፋፈላል፤ ጥቂት ዕቃ የከፈተው ቤት 300 እና ከዚያም በላይ ሊደርሰው ይችላል፣ ብዙ የከፈተው ደግሞ ሲቀንስ ያያል። ይህ ጉድ አንድ ሰው አይቶ እስኪዘጋው ድረስ ይቆያል። ያቺ ሰማያዊ ክብ ነገር ይህን ልዋጥ ብትል ራሷ ትነዳለች። ለዚህ የሚሆነው ቮልቱን እያየ የሚቆርጥ ዕቃ ብቻ ነው።

እሱን ነው እንድትገዢ የምመክርሽ። ከብሬከር ጎን፣ ማከፋፈያው ውስጥ ባለው የብረት ሀዲድ ላይ የሚገጠም፣ ቮልቱን በቁጥር የሚያሳይ የቮልት መከላከያ ነው። የዕቃዎችሽን ዋት በግምት ደምሬ ወደ 3,800 አገኘሁ፤ በ220 ሲካፈል 17 አምፔር ያህል ነው። 63 የተጻፈበትን ውሰጂ። 17 አምፔር የምትጠቀሚ ሰው 63 ለምን እንደምልሽ ሳትጠይቂኝ አትቀሪም፤ ውስጡ ያለችው መቁረጫ ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ትችላለች ብዬ ስለማላምን ነው። ዝቅተኛውን 185፣ ከፍተኛውን 245 ላይ አስተካክዪ። የመመለሻ ጊዜውን ደግሞ 180 ሰከንድ አድርጊው፤ ሠራተኛሽ «ኧረ ቶሎ ይምጣ» ብሎ ወደ 5 ቢያወርደው እሺ አትበዪ። መብራት ሲመጣ የመጀመሪያው ደቂቃ ነው ክፉው፤ ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዕቃውን ስለሚያስነሣ ቮልቱ ወደ ላይና ወደ ታች ይናጣል። የለስላሳ ፍሪጅሽ ኮምፕሬሰርም ጋዙ ሳይረጋጋ ቢነሣ ይታገላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል።

ከእሱ ጋር ትክክለኛውን የግፊት መከላከያ አስገጥሚ፤ ይህም በዚያው ሀዲድ ላይ የሚገባ፣ ትንሽ መስኮት ያለው ነው። መስኮቱ አረንጓዴ ሲሆን ይሠራል፣ ሲቀላ ሞቷል። 385 ቮልት የተጻፈበትን እመርጣለሁ፤ 275 የሚለው ቮልቱ ሲዋዥቅ ቶሎ ይነዳል። የዋጠውን የሚጥለው ወደ መሬት ስለሆነ የመሬት ዘንግ ከሌለሽ ይህ ዕቃ ጌጥ ነው። ሁለቱንም ከትራንስፎርመሩ በፊት፣ ገመዱ ተሳቢዋ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አስገጥሚያቸው፤ 220ውም 110ውም በአንድ በር ያልፋሉ። ክረምት መብረቅ ሲበዛ ግን ሁሉንም እርሺና ገመዱን ንቀዪ።

አከራይሽ ስታብላይዘር ያሉት ለክፋት አይደለም፤ ግን መጀመሪያ ገመዱን እንመልከት። ሽቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ 60 ሜትር ሄዶ ሲመለስ፣ 17 አምፔር ሲያልፍበት 24 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ከአከራይሽ ሶኬት 210 ሆኖ የወጣው አንቺ ጋ 186 ሆኖ ይደርሳል። ባለ 6 ብታደርጊው የሚጠፋው ወደ 6 ቮልት ይወርዳል። በቀጭን ገመድ መጨረሻ ላይ ስታብላይዘር ብታስቀምጪ የጎደለውን ለመሙላት ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ገመዱ ይበልጥ ይግላል፣ ቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል። የተረፈውን ገመድ ጠቅልለሽ ከተሳቢዋ ሥር አስቀምጠሽ ከሆነ ዛሬውኑ ዘርጊው፤ የተጠቀለለ ገመድ ራሱን ይቀቅላል። ምድጃ ቮልት ቢያንሰው ሽሮው ይዘገያል እንጂ አይቃጠልም። ገመዱ ከተለወጠ በኋላም ማታ ማታ ከ195 በታች የምታዪ ከሆነ ለለስላሳው ፍሪጅ ብቻ ትንሽ ስታብላይዘር ግዢ።

የተሳቢዋን የራሷን ፍሪጅ ደግሞ ከጀርባው እዪው። ብዙዎቹ ኮምፕሬሰር የላቸውም፤ በጋዝ ወይም በማሞቂያ ነው የሚሠሩት፣ ስለዚህ ፍሪኩዌንሲ አያሳስባቸውም። ተሳቢዋ ዘምማ ከቆመች ግን አያቀዘቅዙም፤ ውኃ ልክ አስቀምጠሽ አስተካክዪያት። ማይክሮዌቩን አታሠሪው፤ የ220 ግዢ።

ጥያቄ፦ ሰበታ ነው የምኖረው። የቮልት መከላከያ አስገጥሜ ነበር፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ቀጭ ቀጭ እያለ ይበራል ይጠፋል። ተበላሽቶ ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከሰበታ

መልስ፦ አልተበላሸም፤ እየሠራ ነው። ቁጥሩን ሲቆርጥ አንብቡት። 184፣ 183 እያለ ከሆነ ምጣድና ምድጃ የሚበዛበት ሰዓት ስለሆነ ነው፤ ዝቅተኛውን ወደ 175 አውርዱና ፍሪጁን በዚያ ሰዓት ንቀሉት። በአንዴ ከ200 ወደ 150 ወርዶ ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ግን የላላ ብሎን አለ። መጀመሪያ ከቆጣሪው በኋላ ያለውን የራስዎን ማከፋፈያ ዋናው ተዘግቶ በባለሙያ ያስፈትሹ፤ የጎረቤትዎም እንዲሁ የሚያደርግ ከሆነ ግን ችግሩ ከግቢዎ ውጪ ስለሆነ ተባብራችሁ አመልክቱ።