ዙሙን ስመልሰው ለምን ይደበዝዛል? የካሜራና የኤዲቲንግ ጥያቄዎቻችሁ

ሰላም ናችሁ ውድ አንባቢዎች፣ ለዚህ ዕትም ከላካችኋቸው ጥያቄዎች አራቱን መርጠናል። የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ፣ ምክንያቱም በዚህ ችግር የተነሳ ስንት ደህና ሌንስ ተበላሽቷል እየተባለ ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ያ ደሞ በጣም ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምሰራው ትከሻ ላይ በሚያዘው ትልቁ ካሜራ ነው፣ ሌንሱ የሚፈታ አይነት ነው። ተናጋሪውን በዙም አቅርቤ ፎከስ ሳደርገው ፊቱ ጥርት ይላል፣ መድረኩን በሙሉ ላሳይ ብዬ ዙሙን ስመልሰው ግን ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። እዛው ዋይድ ላይ ሆኜ ፎከሱን ካስተካከልኩት ደሞ መልሼ ሳቀርበው ይጠፋል። ሌንሱን በደንብ ጠራርጌዋለሁ፣ ካሜራውንም አጥፍቼ አብርቻለሁ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላ ሌንስ ልግዛ ወይስ ይስተካከላል?

መልስ፦ ወንድሜ ምንም እንዳትገዛ! ይሄ ባክ ፎከስ የምንለው ነገር ነው። ሌንስህ ደህና ነው፣ የተዛነፈው ከሌንሱ ጀርባ እስከ ሴንሰሩ ያለው ርቀት ነው። ባለ 2/3 ኢንች ሴንሰር ካሜራዎች ላይ ያለው ቢ4 ማውንት (የሌንስ መግጠሚያው) ይሄ ርቀት 48 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ነው የተሰራው፣ ከዛ ላይ ለዓይን የማይታይ ያህል እንኳን ቢዛነፍ ዙሙን አቅርበህ ስትይዝ ከፊት ያለው የፎከስ ሪንግ ያካክስልሃል ስለዚህ ምንም አይታይህም፣ ዋይድ ስትሆን ግን ያው ሪንግ ብዙ አቅም ስለሌለው ስህተቱ አፍጥጦ ይወጣል። ሌንሱን ከሌላ ካሜራ ላይ ፈተህ ከገጠምከው ወይ ካሜራው በጉዞ ከተንገጫገጨ ወይ ደሞ ከብርድ ወደ ሙቀት ከገባ ሊዛነፍ ይችላል፣ የተለመደ ነገር ነው።

ማስተካከያ ከመጀመርህ በፊት ግን ሁለት ነገር እይ። አንደኛ ሌንሱ ከካሜራው ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ማክሮ የሚባል ሪንግ አለ፣ እሱ በስህተት ተነካክቶ ከሆነ ልክ እንዳልከው ነው የሚያደርገው፣ ወደ ቦታው ስትመልሰው ነገሩ ያልቃል። ሁለተኛ የቪውፋይንደሩን ዳዮፕተር (የዓይን ማስተካከያውን) ስክሪኑ ላይ ያሉት ፊደላት ጥርት እስኪሉልህ ድረስ ለዓይንህ አስተካክል፣ አለበለዚያ የምታየው ብዥታ የሌንሱ ይሁን የራስህ ዓይን አታውቅም።

ከዛ ወደ ስራው። ከመሃል ወደ ውጪ የሚሄዱ ጥቁርና ነጭ ጨረሮች ያሉበት ቻርት 3 ሜትር አካባቢ ርቀት ላይ ግድግዳ ላይ ለጥፍ፣ ቻርቱ ከሌለህ ደቃቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀትም ይሰራል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርግና አይሪሱን (ብርሃን የሚያስገባውን ቀዳዳ) ማንዋል አድርገህ እስከ መጨረሻው ክፈተው። እዚህ ጋር ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ በጠራራ ብርሃን አይሪሱ ጠቦ እያለ ይሞክረዋል፣ አይሪስ ሲጠብ ደሞ የጥራቱ ክልል ስለሚሰፋ የተዛነፈውም ልክ ይመስላል። ብርሃኑ ከበዛብህ ብርሃን የሚቀንሰውን ኤንዲ ፊልተር ጨምር ወይ ሹተሩን አፍጥነው ወይ መብራቱን ቀንስ፣ አይሪሱን ግን አትንካ። አሁን ሌንሱ ላይ ኤፍ ቢ ወይም ኤፍ ኤፍ የሚል ምልክት ያለበትን ሪንግ ፈልግና ማሰሪያ ብሎኑን አላላው። ዙሙን እስከ መጨረሻው አቅርብና ከፊት ባለው ሪንግ ፎከስ አድርግ። ቀጥለህ የፎከስ ሪንጉን ሳትነካ ዙሙን እስከ መጨረሻው መልሰው፣ የቻርቱ መሃል ጥርት እስኪል ድረስ ደሞ ከኋላ ያለውን ሪንግ ቀስ እያልክ አዙር። ቴሌ ላይ (ዙሙ ሲቀርብ) የፊቱን ብቻ፣ ዋይድ ላይ የኋላውን ብቻ፣ ይሄን አትቀላቅል። አንዱ ሌላውን ትንሽ ስለሚያንቀሳቅሰው ሁለቱም ጋር ለውጥ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግመው፣ ሲያልቅ ብሎኑን እሰር፣ ስታስረውም ዓይንህ ቪውፋይንደሩ ላይ ይሁን፣ ምክንያቱም ብሎኑ ራሱ ሲጠብቅ ሪንጉን ሊገፋው ይችላል። ከዛ በኋላም ካልያዘ ያኔ ባለሙያ ጋር ውሰደው።

በነገራችን ላይ ይሄ ሁሉ የሚሰራው ለቪዲዮ ተብለው ለተሰሩ ዙም ሌንሶች ነው። ብዙዎቹ የፎቶ ዙም ሌንሶች ከመጀመሪያውም ዙም ሲደረግ ፎከስ እንዲይዙ ተብለው አልተሰሩም፣ እነሱ ላይ ዙሙን በነካህ ቁጥር ፎከስ እንደገና ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ቃለ መጠይቅ ቀርጬ ኤዲት ሳደርግ በሄድፎን ድምፁ ደህና ነበር፣ ደንበኛዬ ስልኩ ላይ ሲከፍተው ግን ሰውየው አፉን ያንቀሳቅሳል ድምፁ ግን የለም ማለት ይቻላል። ሙዚቃው ይሰማል! ሶስቴ ኤክስፖርት አደረግኩት ያው ነው። ሶፍትዌሩ ነው ወይስ የሱ ስልክ?

መልስ፦ እህቴ ሶፍትዌሩም ስልኩም ምንም አልሆኑም፣ ችግሩ የተፈጠረው ቀረጻው ቀን ነው፣ ኤክስፖርት መደጋገምሽን አቁሚ። ሙዚቃው እየተሰማ ንግግሩ ብቻ መጥፋቱ ነው ነገሩን የሚያጋልጠው። የኤክስኤልአር ገመድ (የባለሙያ ማይክ ገመድ) ውስጥ ሶስት ፒን አለ፣ 1 ግራውንድ ነው፣ 2 እና 3 ያንኑ አንድ ድምፅ ይዘው ነው የሚሄዱት ግን አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው፣ አንዱ ወደ ላይ ሲል ሌላኛው ወደ ታች። ይሄ የሚደረገው በመንገድ ላይ የገባውን ጫጫታ ለማጥፋት ነው፣ በጣም ጎበዝ አሰራር ነው። ማይኩን በተራ አስማሚ ገመድ ወደ ትንሿ የሄድፎን አይነት ቀዳዳ ካስገባሽው ግን ፒን 2 ግራ ቻናል ላይ፣ ፒን 3 ቀኝ ቻናል ላይ ሊያርፍ ይችላል። በሄድፎን ስትሰሚ እያንዳንዱ ጆሮሽ የየራሱን ስለሚያገኝ ድምፁ አለ፣ አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ስልክ ግን ሁለቱን ይደምራቸዋል፣ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፣ በቃ ዝምታ። አሁን ሄድፎንሽን አድርገሽ ልብ ብለሽ ስሚው፣ ሰውየው መሃል ላይ የለም፣ ድምፁ ከጭንቅላትሽ ውጪ ከግራና ከቀኝ የሚመጣ አይነት ነው የሚሆነው። እሱን ስሜት አንዴ ከለመድሽው ሁለተኛ አያመልጥሽም።

ደስ የሚለው ነገር ምንም አልጠፋብሽም፣ አንዱን ቻናል መጣል ብቻ ነው። ፕሪሚየር ላይ ፊል ራይት ዊዝ ሌፍት የሚለውን ኢፌክት ንግግሩ ላይ ጣይበት፣ ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ደሞ ክሊፕ አትሪቢውትስ ገብተሽ ኦዲዮውን ሞኖ (ባለ አንድ ቻናል) አድርጊና አንደኛውን ቻናል ብቻ ምረጪ። ለወደፊቱ ደሞ ለካሜራ ተብሎ የተሰራ አስማሚ ያዢ፣ ስራ ከማስረከብሽ በፊትም አንድ ጊዜ በሞኖ ስሚው። ብዙ ሰው ቪዲዮ የሚያየው በስልክ ስለሆነ ይሄን እኔ እንደ ግዴታ ነው የማየው።

ጥያቄ፦ አዲሱ ካሜራዬ የሚያወጣው ፋይል ታይምላይን ላይ ይቆራረጣል፣ የድሮው ካሜራዬ ፎር ኬ ግን በዛው ኮምፒውተር ምንም አይልም። ግራፊክስ ካርዴ ደሞ ጠንካራ ነው። ራም ልጨምር?

መልስ፦ ራም አይፈታውም። ካሜራህ 10 ቢት 4:2:2 ኤች 265 በሚባለው፣ ብዙ የቀለም መረጃ ይዞ በጣም በተጨመቀው ፎርማት እየቀረጸ መሆኑን ሜኑው ውስጥ ገብተህ አረጋግጥ፣ በአብዛኛው እሱ ነው። እንዲህ አይነት ፋይል ውስጥ አብዛኞቹ ፍሬሞች ሙሉ ምስል አይደሉም፣ ከጎረቤታቸው ምን እንደተለወጠ ብቻ ነው የሚይዙት፣ ስለዚህ መሃል ላይ ስታቆም ኮምፒውተሩ ወደ ቅርቡ ሙሉ ፍሬም ተመልሶ ከዛ ጀምሮ ማስላት አለበት። ግራፊክስ ካርድህ ጠንካራ ቢሆንም 4:2:2 የሚፈታ ክፍል ውስጡ ከሌለው ሸክሙ በሙሉ ሲፒዩ ላይ ይወድቃል። የኤንቪዲያ አርቲኤክስ ካርዶች ለምሳሌ ይሄን መፍታት የጀመሩት ከ50 ተከታታይ ነው፣ በኢንቴል በኩል ደሞ ከ11ኛው ትውልድ ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ይፈታዋል፣ የአፕል ኤም ቺፖችም እንደዛው። ይሄን ሳያዩ ውድ ካርድ የሚገዙ ሰዎች ያሳዝኑኛል።

ገንዘብ ሳታወጣ የሚሰራው ፕሮክሲ ነው፣ ማለትም ለኤዲቲንግ ብቻ የሚሰራ ቀለል ያለ የፋይሉ ቅጂ። ፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ በግማሽ ሪዞሉሽን ሰርተህ በሱ ቁረጥ፣ ኤክስፖርት ስታደርግ ሶፍትዌሩ ወደ ዋናው ፋይል ይመለሳል። የፕሮክሲው የድምፅ ቻናል ብዛት ከዋናው ጋር እኩል ይሁን፣ ካልሆነ ፕሪሚየር አላያይዝም ይልሃል። ካሜራውን ኦል ኢንትራ ላይ አድርገህ መቅረጽም ትችላለህ፣ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ስለሚሆን ለኤዲቲንግ ይቀላል፣ ግን ካርድህን እይ፦ 400 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 50 ሜጋ ባይት ነው፣ ቪ30 ካርድ ዋስትና የሚሰጠው ደሞ 30 ብቻ ስለሆነ ቪ60 ያስፈልግሃል።

ጥያቄ፦ እየቀረጽኩ ባትሪው ተነቀለ፣ የመጨረሻው ፋይል መጠኑ ትልቅ ነው ግን በምንም አይከፈትም። እባካችሁ ድረሱልኝ!

መልስ፦ አይዞህ፣ መጠኑ ትልቅ ከሆነ ምስሉ አለ ማለት ነው። የጎደለው ካሜራው ቀረጻ ሲያቆም የሚጽፈው ማውጫ ነው፣ ያለሱ ፕሌየሩ የቱ ፍሬም የት እንዳለ አያውቅም። ካርዱ ላይ ምንም ሌላ ነገር አትቅረጽበት። ሙሉ ባትሪ አድርገህ ወደዛው ካሜራ መልሰው፣ ብዙ ካሜራዎች ፋይሉ እንዳልተዘጋ አይተው ልጠግነው ወይ ብለው ይጠይቃሉ፣ እሺ በል። ካልጠየቀህ ካርዱን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ገልብጥና አንትረንክ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ሞክር፣ እሱ በዛው ካሜራና በዛው ሴቲንግ የተቀረጸ አንድ ደህና ፋይል ይፈልጋል፣ ከሱ ላይ አይቶ ነው የተበላሸውን የሚገነባው። ኤስዲ ካርድ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ከመክተትህ በፊት በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ዝጋት፣ ወደ ካሜራው ስትመልሰው ክፈታት፣ ኮምፒውተሩ ፎርማት ላድርገው ወይ ካለህ ደሞ በጭራሽ እሺ እንዳትል።