መዝገቡ ላይ ስለሌሉትም እንነጋገር፦ የወላጆች ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ውስጥ በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው የብዙ ሰዎች ስም፣ ፎቶና አድራሻ ለሕዝብ ክፍት ነው። ሰሞኑን ስለዚህ መዝገብ ብዙ ወላጆች ጠይቃችሁኛል። ሜሪላንድ ውስጥ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ፤ ውሎዬም ከልጆች ጉዳይ ጋር ነው። የምችለውን ልመልስ።

መዝገቡን የት አገኘዋለሁ? ይከፈልበታል?

በነጻ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የሚያስተዳድረው ድረ ገጽ አለ፤ አድራሻው ኤንኤስኦፒደብሊው ነጥብ ጎቭ ነው። የሁሉንም ስቴቶች መዝገብ አንድ ላይ ይፈልግልሻል። በስምም በዚፕ ኮድም መፈለግ ትችያለሽ። የሐበሻ ስም ስትፈልጊ ግን በአንድ አጻጻፍ አትርኪ። ዮሐንስን አንዱ በዋይ፣ ሌላው በጄ ይጽፈዋል። የአያት ስም ቦታ ላይ የአባት ስም የገባበትም ብዙ ነው። እያቀያየርሽ ሞክሪ።

ለምን ለሕዝብ ክፍት ሆነ?

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1994 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሜጋን ካንካ የምትባል የ7 ዓመት ልጅ ተደፍራ ተገደለች። ገዳዩ ከቤቷ ፊት ለፊት የሚኖር ጎረቤት ነበር። ከዚያ በፊት በልጆች ላይ በፈጸመው ወንጀል ተፈርዶበታል። ወላጆቿ ይህን አያውቁም ነበር። በስሟ የተጠራው የፌዴራል ሕግ በ1996 ወጣ። የ2006ቱ ሕግ ደግሞ ጥፋተኞቹን በሦስት ደረጃ ከፈላቸው፤ እንደየደረጃቸው 15 ዓመት፣ 25 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይመዘገባሉ። አፈጻጸሙ ከስቴት ስቴት ይለያያል።

ጎረቤቴን መዝገቡ ላይ አገኘሁት። ፎቶውን የሕንፃችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ልልቀቀው?

ተው ወንድሜ። መጀመሪያ ዝርዝሩን አንብብ፦ በምን ተፈረደበት? መቼ? የተጎዳው ልጅ ነው ወይስ አዋቂ? መረጃውን ይዞ ሰውየውን ማስፈራራት ወይም ማሳደድ አንተኑ ያስከስስሃል። ከቤት ከተባረረ ደግሞ አድራሻው ይጠፋል፤ ያኔ ፖሊስም አንተም የት እንዳለ አታውቁም። ልጆችህን እዚያ ቤት እንዳይገቡ፣ ከእሱም ምንም እንዳይቀበሉ ንገራቸው። ልጆች ላይ ሲያንዣብብ ካየኸው ለፖሊስ ደውል።

ሰፈራችንን ፈልጌ አንድም ሰው አልወጣም። ተመስገን ልበል?

እህቴ፣ እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። መዝገቡ ላይ የሚወጣው የተፈረደበት ብቻ ነው። ያልተከሰሰው፣ ቤተሰብ የሸፈነለት ሰው ስሙ የትም የለም። የፍትሕ ሚኒስቴር በ2000 ባወጣው ጥናት፣ ለፖሊስ ከደረሱት የልጆች ጥቃቶች ፈጻሚው የማይታወቅ ሰው የሆነው ከ100 ወደ 7 በሚሆኑት ብቻ ነው። ሲሶው ገደማ ዘመድ ነው። ሌላው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፦ አስጠኚ፣ የቤተሰብ ወዳጅ፣ የጎረቤት ጎረምሳ።

በእኛ ቤት ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ልጅ ትጠራለች። «ነይ ጋሼን ሳሚ!» ልጅቷ ወደኋላ ትላለች። «ምን ነካሽ፣ ነውር አይደለም?» ተብላ ትገፋለች። እባካችሁ ይህን እንተው። በእጇ ሰላም ትበል፤ ካልፈለገች ከሩቅ ትበል። እምቢ ማለት እንደምትችል ከእኛ ካልተማረች፣ ያ ሰው ብቻዋን ሲያገኛት ከየት ታምጣው? አንድን ሰው ድንገት መሸሽ ስትጀምር ደግሞ አትቆጧት። ቀስ ብላችሁ ጠይቋት።

ልጄ የባለቤቴን ዘመድ ጠቅሳ ነገረችኝ። ቤተሰቡ «በሽማግሌ ይለቅ፣ ገመናችን አይውጣ» ይላል።

እመኛት። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በያት። ደግመሽ ደጋግመሽ አትመርምሪያት፤ በባለሙያ ትጠየቅ። ሰውየውን ራስሽ አትጋፈጪው፤ ልጅቷ ካለችበት ግን ዛሬውኑ ይራቅ። 911 ደውዪ፤ ወይም የቻይልድሄልፕ የስልክ መስመር 1-800-422-4453 ሌት ተቀን ይሠራል። እንግሊዝኛ ከከበደሽ አስተርጓሚ ጠይቂ። ጥቃቱ በቅርብ ቀን ከሆነ ሳትታጠብ፣ ልብሷም ሳይታጠብ ሆስፒታል ውሰጃት። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ጠብ አይደለም፤ ወንጀል ነው። ትዳርሽ እንዳይናጋ መስጋትሽ ይገባኛል፤ ግን አሁን የምትቀድመው ልጅሽ ናት።

እኛ ለንደን ነን። እዚህም እንደዚያ ይታያል?

አይታይም፤ መዝገቡ ያለው ፖሊስ እጅ ነው። ግን እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከልጅሽ ጋር ስለሚገናኝ አንድ ሰው ፖሊስን መጠየቅ ትችያለሽ። የሚያሰጋ ነገር ካለ ይነግሩሻል።

ልጆቹን ለክረምት አዲስ አበባ ልንልክ ነው። እዚያስ?

ለሕዝብ ክፍት የሆነ መዝገብ የለም። ሕጉ ግን ጠንካራ ነው፤ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 627 ዕድሜዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ልጅ ጋር የግብረ ሥጋ ግንኙነት የፈጸመ ከ13 እስከ 25 ዓመት ይታሰራል። ከአሜሪካም በኩል በ2016 የወጣ ሕግ አለ፤ ልጅ ላይ ወንጀል ፈጽመው የተመዘገቡ ሰዎች ወደ ውጭ ሲጓዙ አስቀድመው ማሳወቅ አለባቸው፣ ፓስፖርታቸውም ላይ ምልክት ይደረጋል። አንቺ ግን ቲኬት ከመቁረጥሽ በፊት ቤቱ ውስጥ እነማን እንዳሉና ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚተኙ ጠይቂ። በየቀኑም ብቻቸውን ሆነው በቪዲዮ ይደውሉልሽ።