የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ሲወርድ ቧንቧው ያፈሳል?

ጥያቄ፦ ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የመታጠቢያ ቤታችን የፒፒአር (የፕላስቲክ ቱቦ) የውኃ መስመር በግፊት ሲፈተሽ ጌጁ ከ10 ወደ 9 ባር ወረደ። ቧንቧ ሠራተኛው «ቱቦው ስለሚለጠጥ ነው» ይላል። ልመነው?

መልስ፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ በቃል ብቻ ግን አይለፉት። መጀመሪያ ቦይለሩን ይንቀሉ፣ የደህንነት ቫልቩ ለ10 ባር አልተሠራም። ጫፎቹን በፕላግ ዘግተው ከታች ውኃ ቀስ ብለው ሲሞሉ፣ ከፍ ካለው የሻወር ጫፍ አየሩ ይውጣ፤ አየር ከቀረ ጌጁን አይመኑት። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የወረደውን በእጅ ፓምፕ ሁለት ጊዜ ወደ 10 ይመልሱ። በቀጣዩ ግማሽ ሰዓት ከ0.6፣ ከዚያም በ2 ሰዓት ውስጥ ከ0.2 ባር በላይ ከወረደ የሚያፈስ ቦታ አለ። የተበየዱትን ከመጠርጠርዎ በፊት ጥርስ ያላቸውን መጋጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት ይንኩ፤ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠቀለለው ነጭ ጥብጣብ) ያነሰው ሶፍቱን ያረጥበዋል። ሁሉም ደረቅ ከሆነ ደግሞ የፓምፑን የራሱን ቫልቭ ይጠርጥሩ።