ሳምንትሽን መጀመሪያ ለእናትሽ አሳያት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እንዲህ ነበር ያልሽው፦ «ዘንድሮ ፍሬሽ ነኝ። ዶርም አልያዝኩም፣ ከቤት ነው የምመላለሰው። የሃይስኩል ጓደኞቼ ዩኒቨርስቲ ገብታ ዘጋችን ይላሉ። እናቴ ቤቱን ሆቴል አደረግሽው ትላለች። ትምህርቱ ደግሞ ገና በአራተኛው ሳምንት ጥሎኝ ሄዷል። የሚቀጥለው ኩዊዝ ረቡዕ ነው። ለቅሶ ሲመጣስ ምን ላድርግ? እናንተ ሳምንቱን እንዴት ነው ያብቃቃችሁት?»

ብዙዎች «ፕሮግራም አውጪ» ብለው መልሰውልሻል። እኔም ፕሮግራም ነበረኝ። በሁለት ቀለም እስክሪብቶ የተሠራ፣ ከቦርሳዬ ኪስ ወጥቶ የማያውቅ ፕሮግራም። ከእኔ በቀር ግን ማንም አላየውም። የኔ መልስ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

የፍሬሽማን ትምህርት፣ ማለትም ዲፓርትመንት ከመግባት በፊት የሚወሰደው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት፣ በ2012 ወደ ዩኒቨርስቲዎች ሲመለስ የመጀመሪያው ባች እኛ ነበርን። የገባሁት አዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ፣ 4 ኪሎ ግቢ ነው። ቤታችን ኮተቤ ስለሆነ እኔም እንዳንቺ ተመላላሽ ነበርኩ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለሁለት ሱቅና ለአንድ ምግብ ቤት ታስረክባለች። ቤት ውስጥ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበር። እኔ የምወስደው ደግሞ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ኮሙኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ በዚያ ላይ ስፖርት። የመጀመሪያው ባች ስለሆንን እነዚህን ኮርሶች ወስዶ «ይሄ ይወጣል፣ ይሄን ተይው» የሚለን ሲኒየር እንኳ አልነበረንም።

አሁን ስለ አንዲት ረቡዕ ልንገርሽ።

እንጀራ ለሽያጭ የሚጋገርበት ቤት ካላደግሽ ማክሰኞ ማታ ምን እንደሚመስል አታውቂም። ሊጡ እሑድ ይቦካል። ማክሰኞ ማታ ከላዩ የጠለለው ውሃ ይደፋና አብሲት ይጣላል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ይቀላቀላል። ከዚያ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ምጣዱ ይሰካል፣ ምክንያቱም ሰፈሩ ሁሉ ከነቃ በኋላ መብራቱ አቅም ያጣል። አብሲቱን የማማስለው እኔ ነኝ። ሲነጋ ደግሞ እየቆጠርኩ እሰፌድ ላይ እደረድራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የኔ ሥራ ነው፣ ቅር ብሎኝም አያውቅም።

በዚያች ረቡዕ ግን ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሒሳብ ኩዊዝ ነበረኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ማታ አብሲት፣ ሌሊት ማጥናት፣ ንጋት ላይ እንጀራ። ከመገናኛ የፒያሳ ታክሲ ውስጥ ገብቼ ጥግ ያዝኩና እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ 4 ኪሎን አልፌ ፒያሳ ነኝ። እየሮጥኩ ዳገቱን ወጥቼ ስደርስ 25 ደቂቃ አልፏል። መምህሩ ደግ ሰው ነበር፣ አስገባኝ። የቀረችኝ ጊዜ ግን ስሜን ከመጻፍ ብዙም አላለፈችም። ከ10 ያገኘሁት 3 ነው።

ማታ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። እናቴ ደንግጣ «ምን ሆንሽ?» አለችኝ። ፈተና ነበረኝ አልኳት። «ፈተና? ትምህርት ከጀመራችሁ ወር ከምናምን አይደል እንዴ? የምን ፈተና ነው?» አለች። እውነቷን ነበር። እሷ በተማረችበት ጊዜ ፈተና የሚባለው በሴሚስተሩ መጨረሻ የሚመጣው ነው። ኩዊዝ፣ አሳይመንት፣ ሚድ፣ ፕሬዘንቴሽን እያለ ውጤት ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እየተለቀመ እንደሚሄድ ማን ነግሯት ታውቃለች? እኔ ሁልጊዜ የምላት «ክላስ አለኝ» ብቻ ነበር። ክላስ ሲያልቅ ነጻ ነኝ ብላ ታስባለች። ማንም ያስባል።

ስለዚህ እህቴ፣ እናትሽ «ቤቱን ሆቴል አደረግሽው» ስትል ወዲያው አትከፊ። ቤት የምትገቢበትን ሰዓት ታያለች፣ ግቢ የምትሠሪውን አታይም። የማታውቀውን ሰዓትሽን ልታከብርልሽ አትችልም።

በነጋታው ያቺን ፕሮግራም ከቦርሳዬ አወጣሁና በትልቅ ወረቀት ገለበጥኳት። በአማርኛ ጻፍኩት፣ የኮርስ ኮድ ምናምን የለበትም። ክላስ ያለበትን ሰዓት በሰማያዊ፣ የማጠናበትን በቀይ፣ ፈተና ያለበትን ቀን ደግሞ ከበብኩት። ፍሪጁ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ቆማ ብዙ ሰዓት አየችው። ከዚያ እስክሪብቶውን ተቀበለችኝና ራሷ መጻፍ ጀመረች። እሑድ «ቡኮ»። ማክሰኞ «አብሲት»። ወር በገባ በ21 «የማርያም ማኅበር»። ጽፋ ስትጨርስ እሷም የራሷ ሳምንት እንዳላት ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። የሷ ከኔ ይበልጥ የተጨናነቀ ነበር።

ተደራደርን። የማክሰኞን አብሲት ወንድሜ ያማስልልኛል፤ እኔ በምትኩ ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ከሰዓት ደግሞ ወንድሜን አንድ ሰዓት አስጠናለሁ። ረቡዕ ንጋት ላይ እንጀራ መደርደሩ ከእኔ ጋር ቀረ፣ ክብ ያለበት የፈተና ቀን ካልሆነ በቀር። ወንድሜ መጀመሪያ አኩርፎ ነበር። በሁለት ሳምንት ለመደው።

ሚድ ሲደርስ አንድ ቀን ጎረቤታችን መጣችና «ልጅቷን ለነገ ላኪልኝ፣ ድግስ አለብኝ፣ ሽንኩርት ትክተፍልኝ» አለቻት። እኔ ጓዳ ሆኜ እየሰማሁ ነው። እናቴ ወደ ፍሪጁ ዞራ «ነገማ ቀይ ናት» አለች። «እኔው እመጣልሻለሁ።» አሁንም ሳስበው ሆዴን ይበላኛል።

ስለ ጓደኞች ባጭሩ ልበል። የሃይስኩል ጓደኞችሽን በየቀኑ በቻት ለማስደሰት አትሞክሪ፣ አያልቅም። አንድ ቁርጥ ያለ ቀን ስጫቸው። እኛ በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ እንገናኝ ነበር። መገናኛ አካባቢ አንድ ማኪያቶ፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ ወሬ። ቀኑ ከታወቀ «ዘጋችን» የሚል አይኖርም። ያም ሆኖ አንዷ ራቀችብኝ። ከሁለተኛ ዓመት በኋላ ተመልሰን ተገናኘን፣ ዛሬም እንደዋወላለን። አንዳንዱ ሰው ጊዜ ይፈልጋል።

አዲሶቹ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ተመላላሽ ተማሪ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የዶርም ልጆች ማታ አብረው ያነባሉ፣ ያልገባቸውን እዚያው ይጠያየቃሉ። አንቺ 11 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነሽ። ያንን የምትተኪው በቀኑ ክፍተት ነው። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ክላስ ከሌለሽ ላውንጅ ተቀምጠሽ አትጨርሺው። ምሳሽን ብዪና ላይብረሪ ግቢ። ብቻሽን አንድ ሰዓት አንብቢ፣ ከዚያ ያልገባሽን ይዘሽ ከሁለት ልጆች ጋር ተቀመጪ። ሁለት ይበቃሉ። አምስት ሲሆኑ ወሬ ይሆናል። ሳታነቢ ግሩፕ ውስጥ ከገባሽ ደግሞ ሌላው ሲያወራ የገባሽ ይመስልሻል፤ ፈተና ላይ ነው የሚታወቅሽ።

ከነዚያ ሁለት ልጆች አንዷ ከደብረ ታቦር የመጣች ነበረች። በዚያ ዓመት የገና በዓል ታኅሣሥ 28 ነበር የዋለው። ግቢው ውስጥ ልትውል እንደሆነ ስሰማ ለእናቴ ነገርኳት። «ምን ትጠይቂኛለሽ፣ ይዘሻት አትመጪም?» አለችኝ። መጣች። ሽንኩርቱን ከእናቴ ጋር ቁጭ ብላ ስትከትፍ እንባዋ ይወርዳል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከናፍቆቱ እኔም አልጠየቅኳት። የዶሮውን ብልት ማውጣት እናቷ እንዳስተማረቻት ስትነግራት እናቴ ቢላውን ሰጠቻት። ከዚያ ቀን በኋላ «ጓደኞችሽ ናቸው የሚያስመሹሽ» የሚባል ነገር ከቤታችን ጠፋ። አንድ ቀን ግቢ ካመሸሁ እናቴ «ከታቦሯ ልጅ ጋር ናት» ትላለች፣ አለቀ። የምታጠኚያቸውን ልጆች አንድ ቀን ቤት ይዘሻቸው ሂጂ። ቡና ብቻም ይበቃል። ለነሱም ከካፌ ምግብ አንድ ቀን ማረፍ ነው።

ትምህርቱ «ጥሎኝ ሄዷል» ላልሽው፣ በአራተኛ ሳምንት አይጥልም። እኔ 3 ከ10 ይዤ ነው የጀመርኩት፣ ሴሚስተሩን በቢ ነው የጨረስኩት። ሳይኮሎጂና ጂኦግራፊን ሞጁሉን በደንብ ካነበብሽ ትወጫቸዋለሽ። ሒሳቡ ግን በየቀኑ ይፈልግሻል። የተማርሽውን በዚያው ዕለት 20 ደቂቃ ካላየሽው በሦስተኛው ቀን አዲስ ይሆንብሻል። እኔ መገናኛ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነበር የማየው፣ ደብተሬ ታጥፎ ታጥፎ ተገንጥሏል።

የሒሳቡ የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ «ፒ ከሆነ ኪው ይሆናል» የሚለው (ፒና ኪው የሁለት ዓረፍተ ነገሮች ምትክ ናቸው) ለእኔም አልገባ ብሎኝ ነበር። ፒ ሐሰት ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ በሙሉ እንዴት እውነት ይሆናል? አንድ ንጋት ምጣድ ዳር ቆሜ እናቴን ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ‹መብራት ካለ እጋግራለሁ› ብለሽ ቃል ብትገቢ መቼ ነው ዋሸሽ የምትባዪው?» አክንባሎውን እያነሳች «መብራት እያለ ያልጋገርኩ እንደሆነ ነዋ» አለች። «መብራት ጠፍቶ በእንጨት ብትጋግሪስ?» «ማን ውሸታም ይለኛል? መብራት ከሌለማ ብጋግርም ባልጋግርም ቃሌን አላፈረስኩም።» ይኸው ነው። አራቱም የእውነትና ሐሰት ሰንጠረዡ መስመሮች በአንድ እንጀራ ጊዜ አለቁ። ሐሰት የሚሆነው ፒ እውነት ሆኖ ኪው ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ፋይናል ላይ መጣ፣ የምጣዱ እንፋሎት ትዝ እያለኝ ሠራሁት። ያልገባሽን ነገር ቤት ላለ ሰው ለማስረዳት ሞክሪ። የቤት ሥራና ትምህርት ሁልጊዜ የሚሻሙ አይምሰልሽ።

ለቅሶ ሲመጣ ምን ላድርግ ብለሽም ጠይቀሻል። ሂጂ። የቅርብ ዘመድ ከሆነ ቀብር አትቅሪ፣ ቤተሰብሽ ይህን አይረሳም፣ አንቺም አትረሺውም። ግን በዚያው ማታ ለክፍሉ ተጠሪና ለመምህሩ መልእክት ላኪ። ፈተና ካለ ሳይፈተን በፊት ተናገሪ፣ ከተፈተነ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል። ለሩቅ ዘመድ ደግሞ ከክላስ በኋላ ገብተሽ አንድ ሰዓት መቀመጥ በቂ ነው። ሦስቱንም ቀን ሽሮ ስታቀርቢ መዋል የለብሽም፤ ይህንንም ወረቀቱ ያየች እናት ትረዳዋለች።

ከመለሱልሽ መሐል አንዱ ወንድማችን «ከጓደኞችሽ ጋር ግቢው አጠገብ ቤት ተከራዪ» ብሎሻል። ለበጎ አስቦ ነው፣ እኔ ግን አልስማማም። የአዲስ አበባን ኪራይ እናውቀዋለን። በዚያ ላይ በመጀመሪያ ዓመት ራስሽን ችለሽ ምግብ ማብሰል፣ ውሃ መጠበቅ፣ ከሦስት ሰው ጋር መጣጣም ራሱን የቻለ ኮርስ ነው። በታክሲ የምታጠፊውን ሁለት ሰዓት እዚያ በሌላ ነገር ታጠፊዋለሽ። ቤት ውስጥ ሰላም ከሌለና ጭራሽ ማንበብ ካልተቻለ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ያንቺ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። እናትሽ የምትቆጣው ስለናፈቅሻት ይመስለኛል።

የፍሬሽማን ውጤት ዲፓርትመንት ስትመርጪ ያስፈልግሻል፣ ስለዚህ «ቀስ ብዬ አስተካክለዋለሁ» አትበይ። ከዚህ ሳምንት ጀምሪ።

በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ግቢው ተዘግቶ ሁላችንም ቤት ስንገባ ወረቀቷ ገና ፍሪጁ ላይ ነበረች። ላነሳት ስል እናቴ «ተያት፣ የኔም አለበት» አለችኝ። ፕላስተሯ እየለቀቀ ሁለት ጊዜ እሷው ደግማ ለጥፋታለች።

የሚቀጥለው ኩዊዝሽ ረቡዕ ነው ብለሻል አይደል? እስከዚያ ዛሬ ማታ ወረቀቷን ሥሪና እናትሽ እጅ ላይ እስክሪብቶ ስጫት። የሒሳቡ ምዕራፍ አንድ ማስታወሻዬ አሁንም አለኝ፣ ትንሽ የሊጥ ጠብታ አለበት እንጂ ይነበባል። ነገ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ። ረቡዕ ስትወጪ ደግሞ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።