ልጅ ሲያድግ የማለቢያው ሰዓትም ይለወጣል

በዚህ ሳምንት የምመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉም ከጎጃም የመጡ ናቸው። ሁሉም ስለ አንድ ጉዳይ ነው፦ የጡት ወተት አልቦ ለልጅ ትቶ ሥራ ስለ መሄድ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በኋላ የሚሰጠን ፈቃድ 90 ቀን ነው። ልጅ ደግሞ እስከ 6 ወሩ ጡት ብቻ እንዲጠባ ይመከራል። መሀል ላይ 3 ወር ይቀራል። ያንን 3 ወር የሚሸፍነው ማለብ ነው። እኔም ሁለት ልጆቼን ያሳደግኩት እንደዚያ ስለሆነ እያንዳንዱን ደብዳቤ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት።

"ወተቴ እየደረቀ ነው መሰለኝ"

ጠያቂዋ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አስተማሪ ናት። ልጇ 4 ወር ከ2 ሳምንት ሆኖታል። ሥራ ስትጀምር በአንድ ዕረፍት 120 ሚሊ ሊትር ታልብ ነበር፤ አሁን 80 ነው የሚወጣው። ጡቷም እንደ በፊቱ አያጋትም። "ልጄ እያደገ ወተቴ እያነሰ ነው" ትላለች።

እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ልጅ ባደገ ቁጥር የሚፈልገው ወተትም አብሮ የሚጨምር ይመስለናል። ግን ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ከ1 ወር እስከ 6 ወር ድረስ በቀን የሚወስደው መጠን ብዙም አይለወጥም። በአማካይ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንዱ ከዚያ ያንሳል፣ ሌላው ይበልጣል። የሚለወጠው ሰዓቱ ነው። አራስ ሳለ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባ ነበር። አሁን ጎበዝ ሆኗል፤ ጥቂት ጊዜ፣ ቶሎ ቶሎ ጠብቶ ይጨርሳል።

የጡትሽ መለስለስም የሚያስደነግጥ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጡት ከሚያስፈልገው በላይ ያመርታል፤ ልብስ የሚያርሰውም ለዚህ ነው። ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው ልጁ በሚፈልገው ልክ ይስተካከላል። የለሰለሰ ጡት ባዶ ጡት አይደለም።

እስቲ እናስላው። ከልጅሽ ለተለየሽበት ለእያንዳንዱ ሰዓት ከ30 እስከ 45 ሚሊ ሊትር ያዢ። 8 ሰዓት ከዋልሽ ከ240 እስከ 360 ማለት ነው። ሦስት ጊዜ 80 ብታልቢ 240 ደረስሽ። ጠዋት ወተት በርከት ስለሚል ከመውጣትሽ በፊት በአንዱ ጡት አጥቢውና ሌላውን እለቢ። እሱ የጎደለውን ይሞላል።

መጥገቡን የሚነግርሽ ጠርሙሱ ሳይሆን ልጅሽ ነው። በቀን 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሸና፣ ጤና ጣቢያ ሲመዘንም ክብደቱ እየጨመረ ከሄደ በቂ እያገኘ ነው። ካልጨመረ ሳትውይ ሳታድሪ አሳዪው። ሁለት ነገር ደግሞ አጣሪ። የማለቢያ መሣሪያሽ ትንሿ ጎማ ስትላላ ወይም ስትሰነጠቅ መሳቡ ይደክማል። የወሊድ መከላከያ እንክብል ከጀመርሽም ኤስትሮጅን እንዳለው ጠይቂ፤ ያለበት ዓይነት ወተት ሊቀንስ ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እኔ ጠርሙሱ ላይ አፍጥጬ ስጠብቅ ጠብ ጠብ ብቻ ነበር የሚለው። አንድ ቀን የልጄ የሱፍ ኮፍያ ቦርሳዬ ውስጥ ተረስቶ አገኘሁት። ጠርሙሱን አለበስኩትና ስንት እንደሞላ ማየት ተውኩ። ኮፍያው የእሱን ጠረን ይዞ ነበር። ወተቱ ያን ቀን ሳልጨነቅ ወረደ። ከዚያ በኋላ ኮፍያው ከቦርሳዬ አልወጣም።

"ፍሪጅ የለኝም፤ ማለቢያም አልገዛሁም"

ፍኖተ ሰላም ላይ ሱቅ ያላት እናት ናት። ልጇ 3 ወሯ ነው፤ ቤት ከእህቷ ጋር ትውላለች። ፍሪጅ ያለው ጎረቤትም መብራት እየጠፋ ተቸግሯል።

እጅሽ ይበቃሻል። በሳሙና ታጠቢ። አውራ ጣትሽን ከላይ፣ ሌሎቹን ጣቶች ከታች አድርገሽ ከጡትሽ ጫፍ 3 ወይም 4 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብለሽ ያዢ። ወደ ደረትሽ ገፋ አድርጊ፣ ከዚያ ጨመቅ፣ ለቀቅ። ጣትሽን ቆዳው ላይ አታንሸራቺ፤ ጫፉንም አትጎትቺ። መጀመሪያ ላይ ጠብታ ብቻ ነው የሚወጣው፤ ብዙዎች እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ትንሽ ጠብቂ፣ ሲለቅ በቀጭኑ ይፈሳል። ሁለቱን ጡት እያፈራረቅሽ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውሰጂ።

አሁን የታለበ ወተት ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ፣ በንጹሕና ክዳን ባለው ዕቃ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ፍሪጅ ካለ እስከ 4 ቀን። ስለዚህ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያለብሽው እስከ 6 ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ እህትሽ ልጅቷን አዝላ ሱቅ ታምጣልሽ። ምሳ ሰዓት ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ከመደርደሪያው ጀርባ አጥቢያት። ከየትኛውም ማለቢያ በተሻለ ወተት የምታወርደው እሷው ናት። የሱቅ ሥራ ከቢሮ የሚሻለውም በዚህ ነው፤ ተጠቀሚበት።

ጡጦ አትግዢ። ጎድጓዳው ለማጠብ ያስቸግራል፤ ሲኒ ግን ወለል ብሎ ይታጠባል። እህትሽ ቀና አድርጋ ትቀፋት፣ የሲኒውን ከንፈር የታችኛው ከንፈሯ ላይ ታሳርፍ፣ ልጅቷ ራሷ ትላሰው። አፏ ውስጥ አይገለበጥም። ጠጥታ ያስተረፈችው በ2 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።

"አማቴ የታለበ ወተት ዓይን ይገባዋል ይላሉ"

ከባሕር ዳር ነው። የ5 ወር ልጇን የሚጠብቁት የባለቤቷ እናት ናቸው። የታለበ ወተት ለልጅ መስጠት ነውር ነው፣ ሰውም ያየዋል ብለው በድብቅ የላም ወተት በውሃ እያቀጠኑ ይሰጡታል።

የላም ወተቱ መቆም አለበት። ገና ዓመት ላልሞላው ልጅ የሚጠጣ የላም ወተት ለአንጀቱና ለኩላሊቱ ይከብደዋል፤ ብረትም የለውም ማለት ይቻላል። ግን በጠብ አይሆንም። እማማ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት ናቸው፣ የሚፈሩትም ለልጁ ብለው ነው። ዓይን ይገባዋል ካሉ ዕቃውን በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኚው፤ ወተቱ ላይ ጉዳት የለውም፣ ከዝንብም ይጠብቀዋል። በሚቀጥለው የክትባት ቀን ደግሞ አብረሻቸው ሂጂ። ነርሷ ስትናገር እሳቸው ፊት ይሁን። ከዚያ በሲኒ የመመገቡን ሥራ ለእሳቸው ስጪ። የእኔ እናት ያመነችው ልጁ ከእጇ ጠጥቶ ሲያገሳ ባየች ቀን ነው።

"ገንፎ ከጀመረ ወተቱ እየተመለሰ ነው"

ሞጣ፤ ልጇ 8 ወሩ ነው። ሥራ ቦታ ሦስት ጊዜ ታልባለች፤ ማታ ስትመለስ ግማሹ ሳይነካ ታገኘዋለች።

ይህ ደስ የሚል ነው፤ ልጁ ምግብ ለምዷል። ወደ ሁለት ጊዜ ማውረድ ትችያለሽ። በአንዴ ግን አትዝለዪው። የመሀሉን ማለቢያ በየሦስት አራት ቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ እየቀነስሽ ሂጂና ተዪው። በድንገት ስታቆሚ ጡት ያብጣል፣ ይቋጥራል። ቀልቶ ካበጠና ትኩሳት ካመጣ ልጁን ማጥባት ሳታቆሚ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። በኃይል አትሺው፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይሻላል።

ቀን ቀን የናቀውን ወተት ሌሊት እየነቃ የሚጠባ ልጅ አለ። ያንቺም እንደዚያ ከሆነ አይራብም፤ ሰዓቱን ነው የገለበጠው። እንቅልፍሽ ካሳሰበሽ ማታ ቤት እንደገባሽ እራት ሳትሠሪ አጥቢው። እስከ 1 ዓመቱ ድረስ ከሚያስፈልገው ጉልበት ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ከጡት ሊመጣ ስለሚችል ገንፎው ወተቱን ፈጽሞ እንዲያስቀረው አትፍቀጂ።

"ወተቱ ሁለት ቦታ ይከፈላል" (ዳንግላ)

ቅባቱ ነው ከላይ የሚንሳፈፈው። ዕቃውን ቀስ ብለሽ አሽከርክሪው፤ ይመለሳል። በረዶ ቤት ቆይቶ የሳሙና ሽታ ያመጣውም ልጁ ከጠጣው ችግር የለውም። የኮመጠጠውን ግን ድፊው።

"14 ወሯ ነው፤ ማለቢያውን ለጎረቤቴ ልስጣት?"

እንጅባራ ያለች የቢሮ ሠራተኛ ናት። ቢሮ ማለቡን ትታ ጠዋትና ማታ ማጥባቷን መቀጠል ትፈልጋለች።

ትችያለሽ። በዚህ ዕድሜ ጡትሽ ጠዋትና ማታ ብቻ ቢጠባም ለዚያው ልክ ያመርታል፤ እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ መቀጠል ይቻላል። ቅዳሜና እሑድ አብራችሁ ስትውሉ በጠየቀችሽ ጊዜ ስጫት።

ማለቢያውን በተመለከተ፣ ባለ ሞተር ከሆነ አትስጫት። ብዙዎቹ ለአንድ እናት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ወተት ወደ ሞተሩ ገብቶ ሊቀር ይችላል፣ እዚያ ውስጥ ደግሞ መታጠብ አይቻልም። ጎረቤትሽ የምትፈልገው ማለብ መቻልን ከሆነ፣ ከላይ ለፍኖተ ሰላሟ እህት የጻፍኩትን አንብቢላት። አንድ ከሰዓት በኋላ አብረሻት ተቀመጪና በእጅ እንዴት እንደሚታለብ አሳያት።